አብሮ የመሮጥ ጥቅም

ብዙ ሰው የማራቶን ሩጫ የአንድ ሰው ብቻ ትግል ይመስለዋል። እኛም ታሪኩን እስክንመረምር ድረስ እንዲሁ ይመስለን ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። በዚያው ሩጫ አበበ ዋቅጅራ የተባለው ወገናችን 7ኛ መውጣቱን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሁለቱም በስዊድናዊው በኦኒ ኒስካነን አሠልጣኝነት አብረው የተለማመዱ ነበሩ። አብሮ የሚሮጥ ጓደኛ ሲኖር ደካማው ይበረታል፤ ብርቱውም ሊዘናጋ አይችልም።

ይህንንም በራሳችን አይተነዋል። አምና ለየብቻችን ማለዳ መሮጥ ጀምረን በሳምንቱ ብርድ ልብሱ አሸነፈን። ዘንድሮ ስድስት ሆነን ስንወጣ ግን ሰነፉ እንኳ እንዳይታማ ሲል ይነሣል።

ጥቅሙ ይበልጥ የታየው በሜክሲኮ ነው። አበበ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ከደገመ በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ አቋረጠ። በዚያን ጊዜ የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ከፊት ሯጮች ጋር ነበር። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛው ጃፓናዊ ሲደርስ ሦስት ደቂቃ አልፎ ነበር።