የማይበላው ዘንዶ

በጥር ወር አንድ ሌሊት አሜሪካ የምትኖረው እኅቴ ደወለችልኝ። ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጇ ለልደቱ የተሰጠው እባብ መብላት ካቆመ ሦስት ወር ሆኖታል። «መጀመሪያ ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ ተስዬ ነበር፤ አሁን ግን ልጁም አብሮት ምግብ ሊያቆም ነው። እባክህ የሚያውቅ ሰው ጠይቅልኝ» አለችኝ።

እባቡ ቦል ፓይቶን ይባላል። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ከትቶ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ስሙን ያገኘው። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ፣ መርዝ የሌለው፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም የማያልፍ የዘንዶ ዘር ነው። እኔ በበኩሌ ስለ እባብ የነበረኝ ዕውቀት የማንኛውም ከተሜ ዕውቀት ነበር፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ ሥዕሉም ያስበረግገኛል። ሆኖም የእኅቴ ጥያቄ መጻሕፍት አስገለጠኝ፤ ፍለጋውም ካላሰብኩት ቦታ አደረሰኝ፤ ከመተማ ቆላ።

ለመሆኑ እኛ ስለ ዘንዶ አበላል ምን ስንል ኖርን? የታሪካችን መግቢያ ሆኖ የሚተረከው አፈ ታሪክ ራሱ የአንድ በላተኛ ዘንዶ ታሪክ ነው። ንጉሥ አርዌ ሕዝቡን ከብቱን፣ በአንዳንዱ አተራረክ ደግሞ ልጃገረዶቹን ጭምር ያስገብር ነበር ይባላል። በመጨረሻም አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ ገደለውና በቦታው ነገሠ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው የሚያሳዩት የባህል ሥዕሎችም የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። ልብ በሉ፤ አርዌ የተሸነፈው በጦር ሳይሆን በሆዱ ነው። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ዘንዶ ማለት የቀረበለትን ሁሉ የሚውጥ፣ እምቢ ማለትን የማያውቅ ፍጥረት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ምስክርነት ያገኘሁት ከስኮትላንዳዊው መንገደኛ ከጄምስ ብሩስ ነው። መተማ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁበት የጦር ሜዳ ነው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ግን አካባቢው በብሩስ መጽሐፍ ራስ አል ፊል ይባል ነበር፤ በዐረብኛ «የዝሆን ራስ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ባለሟል ሆኖ የዚህ የቆላ ጠረፍ ገዥነት በስሙ ተሰጥቶት ነበር። አገሩን በእንደራሴ ያስተዳድር የነበረው ብሩስ ራሱ ያየው ወደ ስናር ሲመለስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1772 መጀመሪያ ላይ በዚያው ቆላ ታሞ ሰንብቷል።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ ላይ ስላያቸው እንስሳትና ዕፅዋት ጽፏል። ከእነዚህም አንዱ ባለቀንዱ የበረሃ እፉኝት ነው። ሁለት እፉኝቶችን ጣፋጭ በሚቀመጥበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ ለሁለት ዓመት አንዳች ምግብ ሳይሰጣቸው እንዳኖራቸው፣ እነርሱም አለመሞት ብቻ ሳይሆን በኤፕሪል ወር መጨረሻ ቆዳቸውን ይጥሉ እንደነበር ይነግረናል። እርግጥ ነው፣ «የእባብ ልጅ እፉኝት» ይባል እንጂ እፉኝትና ዘንዶ ቤተሰባቸው የተለያየ ነው። የጾማቸው ነገር ግን አንድ ነው። ብሩስ ስለ ሐበሻ ጥሬ ሥጋ መብላት የተናገረውን እንኳ የለንደን ሰዎች ውሸት ነው ብለው ስቀውበታል። ሰው የሌላውን ሆድ በራሱ ሆድ መለካት ይወዳል፤ እኅቴም እኔም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ብሩስ ያየውን ነገር ሳይንስ ያጣራው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ማርሻል ማክኪው የተባለ ተመራማሪ ቦል ፓይቶን ያለበትን የሦስት ዓይነት እባቦች ስብስብ ለ168 ቀናት ያህል ያለ ምግብ አቆይቶ የደረሰበትን አሳተመ። አንዳንዶቹ ሰውነታቸው ጉልበት የሚያቃጥልበትን ፍጥነት እስከ 72 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። ስቲቨን ሲኮርና ጃሬድ ዳይመንድ ደግሞ የበርማን ዘንዶ ሲያጠኑ የነገሩን ሌላውን ገጽ አይተዋል። ዘንዶው ሲበላ ያ ፍጥነት እስከ አርባ እጥፍ ሊያድግ ይችላል፤ የትንሹ አንጀት ክብደትም በጥቂት ቀናት እጥፍ ይሆናል። ምግቡ ተፈጭቶ ሲያልቅ አንጀቱ መልሶ ይከሳል። የእኛ ምድጃ ቀንም ሌሊትም ይነዳል፤ የዘንዶ ግን ረመጡን አዳፍኖ ማደር የሚያውቅ ቤት ነው። የሚያነደው ማገዶ ሲመጣ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ፍጥረት ምግብ ሲገፋ ታዲያ ምክንያት አለው። ወንዱ በመራቢያው ወራት ይጾማል። ቆዳውን ሊጥል ሲል ዓይኑ ደመና ይለብስና ይጾማል። ቤት ሲቀየርበት፣ መሸሸጊያ ሲያጣ፣ እጅ ሲበዛበትም እንዲሁ ነው። ከሁሉም በላይ ብርድ ላይ ከሆነ አይበላም፤ ሙቀት ካላገኘ የዋጠው ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳልና። እናቲቱ ደግሞ እንቁላሏን ታቅፋ ትጾማለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ግራሃም አሌክሳንደር በደቡብ አፍሪካ ዘንዶ ላይ ያሳተመው ጥናት፣ እናቲቱ በመራቢያው ዘመን ከስድስት ወር በላይ ሳትበላ እንደምትቆይ፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ከልጆቿ ጋር ሁለት ሳምንት ያህል እንደምትሰነብት ያስረዳል። የእኛ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው።

የመተማና የቋራ ቆላ የራሱ ዘንዶ አለው፤ የአፍሪካው ታላቁ ዘንዶ። በ1998 ዓ.ም. ቋራ ውስጥ የተከለለው፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከመጠለያዎቹ አንዱ ነው። ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፓርኩ ውጭ ጫካው ለሰሊጥና ለጥጥ እየተመነጠረ ሲሄድ ዘንዶና እረኛ መገናኘታቸው አይቀርም። ፍየሏን ያጣ እረኛ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን አንድ ትልቅ እንስሳ የዋጠ ዘንዶ ለብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሌላ አይፈልግም። ዋሻ ውስጥ ተጠቅልሎ የተገኘውን ሁሉ ነገ መንጋውን ሊጨርስ ያደባ አርዌ ነው ብሎ መግደል፣ ምናልባትም እንቁላሏን ታቅፋ የምትጾምን እናት መግደል ነው። ዘንዶው ደግሞ የሰብል ጠላት የሆነውን አይጥም ይበላል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ እኅቴን መልሼ ደወልኩላት። «ሳጥኑ የት ነው ያለው?» አልኳት። መስኮት ሥር ነው አለች። ልጁ ቴርሞሜትር ሲያስገባ ሞቃት መሆን የነበረበት ጥግ 26 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ፤ መሆን ያለበት 32 ገደማ ነው። ሳጥኑን ከመስኮቱ እንዲያርቁት፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ እንዲገጥሙለት፣ ጠባብና ጨለማ መሸሸጊያ እንዲሰጡት፣ በየሳምንቱም እንዲመዝኑት ነገርኳቸው። ክብደቱ በፍጥነት ከቀነሰ፣ አፉ አረፋ ከደፈቀ ወይም ትንፋሹ ካፏጨ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂድ። ከዚያ በቀር ምግብ በግድ አፉ ውስጥ መጠቅጠቅ ከረኃቡ ይልቅ ይጎዳዋል አልኳት።

ሚዛኑ ለሳምንታት እምብዛም አልተነቃነቀም። እኅቴ ግን በየቀኑ እየደወለች «ዛሬም አልበላም» ትለኝ ነበር፤ የሐበሻ እናት ያልበላ ልጅ ስታይ እንደምትለው። መጋቢት ገብቶ ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አንድ ቃል ብቻ ላከችልኝ፤ «በላ!»

ስለቱስ ምን ሆነ? ብዬ ጠየቅኳት። ከቤቴ ይውጣልኝ ብላ የተሳለችውን ጃንጥላ፣ ስለበላላት ልታስገባው መሆኑን ነገረችኝ።