ከጉባኤ ቤት እስከ ቴሌግራም፦ ራስን ገዝቶ መማር በጎንደር

የጎንደር ተማሪ ራሱን ገዝቶ መማር የጀመረው ኢንተርኔት ሲመጣ አይደለም። በአቋቋም ስሟ በሚጠራው በዓታም ሆነ በሌሎቹ ጉባኤ ቤቶች የቆሎ ተማሪው ለምኖ ይበላል፣ የተሰጠውን ቀለም ሲያመላልስ ይውላል፣ ሲመሽም ያለ መብራት በቃሉ ይወጣዋል።

ይህ ግን የአንድ ሰው ብርታት ብቻ አልነበረም። የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል። የያዘውን ሳያጸና ወደ ሌላ የሚያልፍ የለም። የኔታ ፊት ሳያጠኑ መቅረብ ደግሞ ያሳፍራል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲዘጋ፣ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ሸኘ። በአገሪቱ ትምህርት ወደ ስልክ ዞረ። ለከተማ ልጅ ፋይሉ ደረሰ፤ ጃናሞራና በየዳ ደጋ ለገባው ግን ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ መውጣት ነበር። ፋይሉ የደረሰውም ቢሆን «የት ደረስህ?» የሚለው አላገኘም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። በዚያው ክረምት ግጭቱ ሲባባስ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ፈተናው ግን ለሁሉም አንድ ነበር።

እንግዲህ «የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት የጉባኤ ቤቱን ሥርዓት ማስታወስ ይገባል። የቆሎ ተማሪው ድሃ ነበር፤ ሆኖም የሚያስቀጽለው ጓደኛና ማታ የሚጠይቀው መምህር ነበረው። ስልክ ለያዘው ተማሪ መጀመሪያ ኔትወርኩ፣ ቀጥሎም እነዚህ ሁለቱ ሊሟሉለት ይገባል።