ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ስላይድ

በአገራችን አውደ ጥናት የተካፈለ ሰው የሚከተለውን ዓይነት ስላይድ ሳያይ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከላይ «የቀጣይ ትኩረት አቅጣጫዎች» ይላል። ከሥሩ «የቅንጅት አሠራርን ማጠናከር»፣ «ክትትልና ድጋፍ ማድረግ»፣ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ መሥራት» እያለ ይወርዳል። የሚያጠናክረው ማን ነው? እስከ መቼ? በየትኛው በጀት? ስላይዱ አይናገርም። አቅራቢውም አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም፤ የሚያነበው ያንኑ ነውና።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ግዴታ ያለበትን ወገን የማይጠራ ውል ቢቀርብልኝ አልፈርምበትም፣ ደንበኛዬንም አላስፈርምም። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቋንቋችን አድራጊውን፣ ጊዜውን፣ መደረግ አለመደረጉን የሚሸከመው መጨረሻ ላይ በሚመጣው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። «አጠናክረናል»፣ «እናጠናክራለን»፣ «አላጠናከርንም» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት የሪፖርቱ ፍሬ ነገር ነው። «ማጠናከር» ብለን ስንተወው ሦስቱም በአንድ ቃል ይሸፈናሉ። ይህ አጻጻፍ በየመሥሪያ ቤቱ የተወደደው ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ካለ በአሜሪካ የሆነውን ይስማ። ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ከተነሳች ከ82 ሰከንድ ገደማ በኋላ፣ ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ ገና ጠፈር ላይ ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለናሳ ኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። ከስላይዶቹ ዋነኛው፣ ርእሱ በግርድፉ ሲመለስ፣ የሙከራ መረጃው ሲታይ ስሌቱ ወደ ጥንቃቄ ያደላ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ይህን ያነበበ ኃላፊ ስጋት የለም ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ከግርጌው፣ በትንሽ ፊደል፣ ከነጥብ ሥር በተሰገሰገ ሌላ ነጥብ ላይ ግን ክንፉን የመታው ቁራጭ 1,920 ኪዩቢክ ኢንች እንደሚገመት፣ በሙከራው የተሠራበት ደግሞ 3 ኪዩቢክ ኢንች እንደነበረ ሰፍሯል። 640 እጥፍ ማለት ነው! ማለትም ሙከራው ስለዚህ አደጋ የሚለው ነገር አልነበረውም። ርእስ መሆን የነበረበት ይኸው ነበር።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና 7ቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ጥፋቱን ሁሉ በስላይድ ላይ የሚያላክክ የለም። ሆኖም መርማሪ ቦርዱ በዚያው ዓመት ኦገስት ባወጣው ሪፖርት የፕሮፌሰር ኤድዋርድ ተፍቲን ትንተና ጠቅሶ፣ በቴክኒክ ጽሑፍ ፋንታ ስላይድ መጠቀም በናሳ የነበረው የመረጃ ልውውጥ ችግር አንዱ ማሳያ መሆኑን ጽፏል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንምጣ። ኮምፒዩተሩ ከመከፈቱ በፊት፣ ሰሚው ምን እንዲወስን እንደሚፈለግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ይጻፍ። ይህ ዓረፍተ ነገር ካልመጣ ስላይድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ገና አልተገኘም። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ስላይድ ርእስ ማሰሪያ አንቀጽ ይኑረው። ለምሳሌ «የመዝገቦች አፈጻጸም» በማለት ፋንታ «ከ400 መዝገቦች 130ዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተዋል» ቢባል ሰሚው ከወንበሩ ቀና ይላል። ርእሱ እንዲህ ሲሆን ከሥሩ የሚደረደረው ነጥብ አብዛኛው አላስፈላጊ ይሆናል። የሚቀረው ርእሱን የሚያስረዳ አንድ ሥዕላዊ መግለጫ ወይም ሁለት ሦስት ቁጥር ነው።

ዝርዝር ሠንጠረዥ ግን ግድግዳ ላይ ቦታው አይደለም። በወረቀት ታትሞ ይታደል። የአማዞኑ ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2004 ፓወር ፖይንትን ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ ስብሰባ አስወጥቶ በተሟላ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ማስታወሻ ተክቶበታል፤ ተሰብሳቢዎቹም ስብሰባው ሲጀመር በጸጥታ ያነቡታል። እኛ ዘንድ ይህን ለመሞከር የሚደፍር ሊቀ መንበር ባይ ደስ ይለኛል።

የፊደላችንም ጉዳይ አለ። ሱ፣ ሲ፣ ሳ እና ሴ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው። ፊደሉ ሲያንስ ወይም ከመጠን በላይ ሲደምቅ ጭረቱ ይደፈናል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግምት ውስጥ ይገባል። ከ28 ነጥብ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ትኩረት የምንሰጠው በመጠን ወይም በአንድ ቀለም ነው፤ ማዘንበሉ ለግዕዝ ፊደል አያምርም። በቆዩት፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት የአማርኛ ፊደላት የተጻፈ ስላይድ ፊደሉ ባልተጫነበት የሆቴል ኮምፒዩተር ሲከፈት የምልክት መዓት ሆኖ ይመጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘመን ተቆጥሯልና ለዚህ ሰበብ የለም። ለጥንቃቄ በፒዲኤፍም ይቀመጥ። መብራት ቢጠፋስ? የታተመው ወረቀት ለዚህም ይጠቅማል።

በአቀራረብ ላይ ብዙ አልልም። ተሰብሳቢው ማንበብ ይችላል፣ ያውም ከአቅራቢው አፍ ፈጥኖ፤ ስለዚህ አይነበብለት። ሰው ዓይኑን ከግድግዳው አንስቶ ወደ ተናጋሪው እንዲመልስ ሲፈለግ በፓወር ፖይንት ላይ የላቲኑን «ቢ» ቁልፍ መጫን ስክሪኑን ያጠቁረዋል፣ ደግሞ ሲጫን ይመለሳል።

በመጨረሻው ስላይድ ላይ የአበባ ሥዕልና «ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ» የሚል ጽሑፍ ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል። ምስጋናውን በአፍ ማቅረብ ይቻላል። ጥያቄና መልሱ 40 ደቂቃ ቢፈጅ ያ አበባ 40 ደቂቃ ሙሉ ግድግዳው ላይ ይቆያል። በቦታው መጀመሪያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚፈጽም ከነማሰሪያ አንቀጹ።