በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል፦ ሊበራል አርትስንና ምህንድስናን ስለማጣመር

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ተነስቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ለእግረኛ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በአንደኛው ግቢ የኮንክሪት ምሰሶና የኤሌክትሪክ ዑደት፣ በሌላው ታሪክ፣ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ ሲጠኑ ኖረዋል። መንገዷ አጭር ናት፤ የትምህርት መርሐ ግብሩ ግን ተማሪውን አያመላልስባትም። የምህንድስና ተማሪ ስድስት ኪሎን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በጓደኛው፣ በቤተ መጻሕፍቱ ወይም በሙዚየሙ በኩል ነው።

የዚህ መጣጥፍ ጥያቄ ከዚህችው መንገድ ይነሳል። ሊበራል አርትስንና ምህንድስናን ማጣመር ሲባል ምን ማለት ነው? ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለጥምረት ይበቃል? ጉዳዩ ረጅም ታሪክ ያለው በዩናይትድ ስቴትስ ስለሆነ የምመረምረው በቅድሚያ የዚያን አገር ልምድ ነው። ከዚያ የማወጣው መደምደሚያ፣ ለሰብአዊ ጥናት ከሚመደበው ሰዓት ይልቅ ቅደም ተከተሉ እንደሚወስን፣ በተለይም ተማሪው ምህንድስናን ከቀመሰ በኋላ ወደ ሰብአዊው ጥናት መመለሱ የጥምረቱ ቁልፍ እንደሆነ ነው። ዓ.ም. ተብለው ካልተገለጹ በስተቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስያሜውና የመለያየቱ ታሪክ

«ሊበራል አርትስ» በአማርኛ የረጋ አቻ አላገኘም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሰባት ትምህርቶች የወል ስም ነበር፤ በአንድ ወገን ሰዋስው፣ አመክንዮና የንግግር ጥበብ፣ በሌላው ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። ከሰባቱ አራቱ በቁጥርና በልክ ላይ የቆሙ ናቸው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ቅኔ የሚቀኝ ሊቅ በባሕረ ሐሳብ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ሲያወጣ ከሙያው ውጭ እንደዋለ የሚቆጥረው አልነበረም። ቃልና ቁጥር በየግቢያቸው የታጠሩት ኋላ ነው። ዛሬ ስያሜው ሰብአዊ ጥናቶችን፣ ማኅበራዊ ሳይንስን፣ የተፈጥሮ ሳይንስንና ሒሳብን ያቅፋል፤ ተማሪውን ለአንድ ሙያ ብቻ ከማሰልጠን ይልቅ አስተሳሰቡን ማስፋትን ያስቀድማል።

በአሜሪካ የሁለቱ ትምህርቶች ግንኙነት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ሲልቫነስ ቴየር በዳርትመዝ ኮሌጅ በዘመኑ ደንብ ላቲንና ግሪክ ተምሮ በ1807 ወደ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተሻገረ፤ በዓመቱም ከዚያ ተመረቀ። ከ1817 እስከ 1833 አካዳሚውን ሲመራ የአገሪቱ ቀዳሚ የመሐንዲሶች መፍለቂያ አደረገው። በ1867 ደግሞ በዳርትመዝ የምህንድስና ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ገንዘብ ሰጠ። ሐሳቡ ምህንድስናን በጠቅላላ ትምህርት ላይ መደረብ ነበር፤ ራሱ ያለፈበትን መንገድ ለሌሎች ሊያበጅ ፈለገ ማለት ይቻላል። ከእሱ ቀደም ብሎ ዩኒየን ኮሌጅ በ1845 ምህንድስናን ማስተማር ጀምሯል፤ ከሊበራል አርትስ ኮሌጆች የመጀመሪያው በመሆኑም ይታወቃል።

የብዙኃኑ መንገድ ግን ሌላ ሆነ። በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ በየክፍለ ግዛቱ የግብርናና የመካኒክ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲስፋፉ በር ከፈተ። ሕጉ ሌሎቹን የሳይንስና የክላሲክ ጥናቶች እንዳያገልሉ ቢያሳስብም፣ ምህንድስና ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የሚገባበት የአራት ዓመት ዲግሪ ሆኖ ጸና። ሕግና ሕክምና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚገባባቸው ሙያዎች ሲሆኑ፣ ምህንድስና ጠቅላላውንም ሙያውንም በዚያው አራት ዓመት ውስጥ ለማጨቅ ተገደደ። ስለ ጥምረቱ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ምንጩ ይህ ጥበት ነው። በ1955 የወጣው የግሪንተር ሪፖርት ከመሐንዲሱ ትምህርት አንድ አምስተኛ ያህሉ ለሰብአዊና ለማኅበራዊ ጥናቶች እንዲሆን ሲመክር ድርሻውን ወሰነ፤ በየትኛው ዓመት፣ ከምን ቀጥሎ ይምጣ የሚለው ግን ለየተቋማቱ ቀረ።

2. ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው «ሦስት ለሁለት» የሚባለው ነው። ተማሪው ሦስት ዓመት በሊበራል አርትስ ኮሌጅ ይቆይና ለሁለት ዓመት ወደ ምህንድስና ትምህርት ቤት ይሻገራል፤ በአምስተኛው ዓመት ሁለት ዲግሪ ይይዛል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከብዙ ኮሌጆች ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አለው። በአትላንታ ሞርሃውስን፣ ስፔልማንንና ክላርክን የመሳሰሉ የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች ከጆርጂያ ቴክ ጋር በ1969 የጀመሩት ትብብር ደግሞ፣ ሙያው ለረጅም ጊዜ ተዘግቶባቸው ለኖሩ ወጣቶች በር ከፍቷል። ይህ በጎ ጎኑ ነው። ዋጋው የአንድ ዓመት ተጨማሪ ክፍያና ባልንጀሮችን ልክ በመመረቂያቸው ዋዜማ ጥሎ መሄድ ነው። ከሁለቱም የሚከብደው ግን ትምህርታዊው ጉድለት ነው፤ ሰብአዊው ጥናት የሚያበቃው ምህንድስናው ሊጀምር ሲል ነው። ተማሪው ስለ ፍትሕ በሚያነብበት ዘመን ገና ድልድይ አልነደፈም፤ ድልድይ ሲነድፍ ስለ ፍትሕ የሚያወያየው መምህር ከጎኑ የለም።

ዳርትመዝ ከሌሎች ኮሌጆች ለሚመጡ ተማሪዎች ያበጀው ስልት ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላል። ተማሪው ሁለት ዓመት በኮሌጁ፣ ሦስተኛውን በዳርትመዝ፣ አራተኛውን ተመልሶ በኮሌጁ፣ አምስተኛውን እንደገና በዳርትመዝ ይማራል። የሁለቱ ትምህርቶች የጊዜ ድርሻ ከሦስት ለሁለቱ ያን ያህል አይለይም። ልዩነቱ ምህንድስናን ያየ ዓይን ይዞ ወደ ቀድሞ መምህራኑ መመለሱ ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምህንድስናን ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ውስጥ ማሳደር ነው። የሴቶች ኮሌጅ የሆነው ስሚዝ በ1999 የራሱን የምህንድስና ፕሮግራም አቋቁሟል። ስዋርትሞርና በ1955 የተመሠረተው ሃርቪ ማድም በዚህ ወገን ይሰለፋሉ። ሦስቱም ሲቪል፣ መካኒካል እያሉ ከመከፋፈል ይልቅ አንድ ጠቅላላ የምህንድስና ዲግሪ መስጠትን መርጠዋል፤ ቦታ የሚገኘው ከዚህ ነው። ሃርቪ ማድ በ1963 የጀመረው «ክሊኒክ» የተባለው አሠራር ተማሪዎችን በቡድን አደራጅቶ የእውነተኛ ደንበኛን ችግር እንዲፈቱ ያደርጋል።

ሦስተኛው፣ የቴክኒክ ተቋሙ ሰብአዊውን ጥናት ግዴታ የሚያደርግበት ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1949 በወጣው የሉዊስ ኮሚቴ ሪፖርት ተመርቶ በማግሥቱ ዓመት የሰብአዊና የማኅበራዊ ጥናቶች ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ከሰብአዊ፣ ከኪነ ጥበብና ከማኅበራዊ ሳይንስ ስምንት ኮርስ ሳይወስድ አይመረቅም፤ ኮርሶቹም በአንደኛው ዓመት ላይ ሳይከመሩ ከሙያው ትምህርት ጋር እየተፈራረቁ ይሄዳሉ።

3. «የተሰጠ፣ የሚፈለግ፣ መፍትሔ»

የጥምረቱ ደጋፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት ሰብአዊ ትምህርት መሐንዲሱን ጥሩ ጸሐፊና ተናጋሪ ያደርገዋል የሚል ነው። እውነት ቢሆንም ምክንያቱ ቀጭን ነው፤ ለዚህ ለዚህ አንድ የጽሕፈት ኮርስ ይበቃ ነበር።

ጠንካራውን ምክንያት ከተማሪው ደብተር ላይ እናገኘዋለን። የምህንድስና ተማሪ የቤት ሥራውን የሚሠራው በሦስት ርዕስ ከፍሎ ነው፦ የተሰጠ፣ የሚፈለግ፣ መፍትሔ። አራትና አምስት ዓመት ሙሉ የሚሰለጥነው በሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መጽሐፉ ጽፎ ያቀርብለታል። ሥራ ዓለም ሲገባ ግን «የተሰጠ» ብሎ የሚጽፍለት የለም፤ ወይም የሚጽፈው ጥቅም ያለው ወገን ይሆናል። ማን ጻፈው? ምን ተወ? ማንን አልጠየቀም? ሰነድን እንዲህ እየመረመሩ ማንበብ የታሪክ ተማሪ የዕለት ሥራ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረውን የኮንዶሚኒየም ግንባታ እንውሰድ። ባለ አራት ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው፣ በዝቅተኛ ወጪ የሚሠራ ቤት፤ የተሰጠው ይህ ነበር። ነዳፊዎቹ ግን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈዋል። በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤት አሰቡ፤ ነዋሪው «ኮሚናል» ይለዋል። የአዲስ አበባ ቤተሰብ ኑሮ በክፍሎቹ ስፋት ብቻ እንደማይለካ የገባው ሰው ነበር ማለት ነው። ከዚያ የሚቀጥሉት ጥያቄዎች ደግሞ ይከብዳሉ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የት ይተከላል? አስከሬን በደረጃው እጥፋት እንዴት ይዞራል? እማማ በርበሬያቸውን የት ያሰጣሉ? ከተለያየ ሰፈር በዕጣ የመጡ ጎረቤታሞች ዕድር እስኪመሠርቱ ድረስ ማን ለማን ይደርሳል? ለእነዚህ ቀመር የለም። አንትሮፖሎጂም መልስ ቀድቶ አይሰጥም፤ ጥያቄዎቹ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት እንዲነሱ ግን ያደርጋል።

4. ከጉርብትናም ከመሟሟትም

ሁለቱን ትምህርቶች ማጎራበት የማይበቃ ከሆነ፣ ማሟሟት ይሻላል? እዚህም አደጋ አለ። የአሜሪካ የምህንድስና ፕሮግራሞችን የሚመዝነው አቤት የተባለው አካል፣ በምዕተ ዓመቱ መባቻ ለሰብአዊ ጥናት ይህን ያህል ክሬዲት የሚለውን ግዴታ ትቶ ተመራቂው ሊያሳይ የሚገባውን ብቃት መመዘን ጀመረ። አሁን ባለው መስፈርት ንድፍ ሲሠራ የሕዝብ ደኅንነትን፣ ባህላዊ፣ ማኅበራዊና አካባቢያዊ ጉዳዮችን ማገናዘብ ይጠበቃል። መንፈሱ መልካም ነው፤ ሰብአዊው ጉዳይ ንድፉ ውስጥ እንዲገባ ይጠይቃልና። ይሁን እንጂ የራሱ መምህር፣ የራሱ መጽሐፍና የራሱ ፈተና የሌለው ጥናት በፕሮጀክት ሪፖርት መጨረሻ ላይ «ማኅበራዊ ተፅዕኖ» የሚል አንድ አንቀጽ ሆኖ ሊቀር ይችላል። አንድን ጽሑፍ ቀስ ብሎ ማንበብ፣ ምስክርን ከምስክር ማጋጨት፣ ክርክርን እስከ ጫፉ መከተል የራሳቸው ዲሲፕሊን አላቸው፤ ከሌላ ኮርስ ላይ በቅምሻ አይማሯቸውም።

ስለዚህ ሁለቱ በየማንነታቸው ቆመው ተማሪው በመካከላቸው ይመላለስ። የኮርስ ጭነት ሞልቷል የሚለው ተቃውሞ ጽኑ ነው፤ ምልልሱ ግን የኮርሶችን ቁጥር መጨመር አይጠይቅም፤ ያሉትን በዓመታቱ ላይ መበተን ይበቃዋል።

5. ወደ አገራችን ስንመለስ

የእኛ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው ተጎራብቶ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፈተ፤ የምህንድስና ኮሌጁ በ1952 ለብቻው ቆመ፤ በ1961 ሁለቱም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገቡ። አስተዳደሩ አንድ ሲሆን ግቢዎቹ እንደተለያዩ ቀሩ። በዚያ ዘመን ለምልልስ የቀረበው አሠራር በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበር። ተማሪው አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በብዛትም በመምህርነት፣ አገልግሎ ትምህርቱን ለመጨረስ ይመለሳል። አገሩን በዓይኑ አይቶ ወደ ክፍል ይገባ ነበር። ያየውን ከትምህርቱ ጋር የሚያገናኝለት ኮርስ ቢኖር ኖሮ አሠራሩ ምሉዕ በሆነ።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመልሰዋል። የወደፊቱ መሐንዲስ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ ይማራል። ለዓመታት ተጓድሎ ለነበረው ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም አቀማመጡ የሦስት ለሁለቱን ጉድለት ይደግማል፤ ሁሉም በመግቢያው ተሰብስበው ሲያበቁ በሩ ይዘጋል። አንትሮፖሎጂን የሚማረው ተማሪ ገና አንድ የውሃ መስመር አልዘረጋም።

ሁለት ማሻሻያዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከጋራ ኮርሶቹ አንዱ፣ ለምሳሌ አንትሮፖሎጂ፣ ከአንደኛ ዓመት ወጥቶ ተማሪው ከኢንተርንሺፕ ሲመለስ ይሰጥ። የሚነበበው መጽሐፍ ተማሪው በግንባታ ቦታ፣ በፋብሪካ ወይም በውሃ ቢሮ ካየው ጋር ይጋጠም። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ችግሩ የሚተረጎምበት ክፍል፣ በሁለት አማካሪዎች ይመዘን፤ አንዱ መሐንዲስ፣ ሌላው የታሪክ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር። ሌሎቹን ምዕራፎች መሐንዲሱ ብቻውን ያርማቸው።

ይህ ለመምህራኑ ተጨማሪ ድካም ነው፤ የሥራ ጫናቸው ሲሰላ ሊታሰብላቸው ይገባል። አዲስ ሕንፃም ሆነ አምስተኛ ዓመት ላይ የሚደረብ ስድስተኛ ዓመት ግን አይጠይቅም። ተማሪው «የተሰጠ» ብሎ የጻፈውን ገጽ ይዞ ከአምስት ኪሎ ስድስት ኪሎ ይወጣል፤ አስረድቶ፣ ተከራክሮ፣ አርሞ፣ ሁለተኛውን ፊርማ አስፈርሞ ይወርዳል። ስሌቱን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።