«የማን ተማሪ ነህ?»

የአፓረንት ወቅት በደረሰ ቁጥር አንድ ዓይነት ትዕይንት አያለሁ። የአካውንቲንግ ተማሪዎች «ተማሪያችንን ተቀበሉልን» የሚል የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዘው ከባንክ ወደ ባንክ፣ ከኦዲት ቢሮ ወደ ኦዲት ቢሮ ይዞራሉ። እኔም ከዓመታት በፊት ያንኑ ደብዳቤ ይዤ ዞሬያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ለማማረር አይደለም። ልምምድ የምንለው ነገር ከየት እንደመጣና በመንገድ ላይ ምን ጥሎ እንደደረሰን አብረን እንድናይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። የተመደብኩት ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ የኦዲትና የማማከር ድርጅት በአንድ የክልል ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ነበር። ሦስት ክፍል፣ ስድስት ሠራተኛ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ልምምዱ ሁለት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ከማሽኑ ጋር አሳለፍኩ። ደረሰኝ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ቦክስ ፋይል እደረድራለሁ፣ ባንክ ወረፋ እይዛለሁ። የቤት ኪራዩንና የምሳውን ወጪ የሚችለው አባቴ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ሰኔ 30 ደረሰ። የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ ንብረት ይቆጠርልኝ ይላል፤ ቢሮው ሰው አነሰው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ኦዲተር ወደ አንድ የሲሚንቶ መጋዘን ይዘውኝ ሄዱ። መጋዘን ጠባቂው ቁጥሩን ከካርዱ ላይ እያነበበ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጋሼ ወረቀቱን አይተው፣

«ይሄን ቆጠርከው ወይስ ነገሩህ?» አሉኝ።

«ነገሩኝ።»

«እንግዲያው ያንተ ቁጥር አይደለም። ሰርዝና እንደገና ጀምር።»

ግማሽ ቀን ቆጠርን። ስንጨርስ የወረቀቱን ግርጌ አሳዩኝ። «ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ እኔ ፈረምኩ፤ «የመረመረው» በሚለው እሳቸው ፈረሙ። «ስህተት ከተገኘ አንተ ብቻ አትጠየቅም፣ እኔም እጠየቃለሁ» አሉኝ። በክፍል ውስጥ ለዓመታት ስሸመድደው የኖርኩት ኦዲት የገባኝ ያን ቀን ነው።

በመጨረሻው ቀን የዩኒቨርሲቲውን የግምገማ ቅጽ ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። «ራስህ ሞልተህ አምጣው፣ ማኅተም እናደርግልሃለን» አለኝ። ራሴን ገመገምኩ። ለራሴም 95 ሰጠሁ። ማኅተሙ አረፈበት። የጋሼ ስም ግን ቅጹ ላይ የትም አልነበረም።

ይህ ነገር እኔ ላይ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ስንት አንባቢ «እኔም ራሴን ሞልቻለሁ» እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄው፣ ይህ እንዴት የተለመደ ሆነ? የሚል ነው።

በአገራችን የቆየው የልምምድ ሥርዓት የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ለመምህሩ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። ኑሮው ከባድ ነው፤ በትዝታ ልናሳምረው አይገባም። ነገር ግን ተማሪው ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ሲሻገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ነው። የመምህሩ ስም የምስክር ወረቀቱ ነበር። ተማሪው ዜማውን ቢያበላሽ መምህሩም አብረው ይታማሉ። ልጁ ጉልበቱን ሲሰጥ መምህሩ ስማቸውን ያስይዛሉ።

ዘመናዊው የሂሳብ ሙያም ያደገው በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ ስሙ በዓለም ዙሪያ ቢሮዎች ላይ የተሰቀለው ዊልያም ዴሎይት በ15 ዓመቱ በለንደን የኪሳራ ፍርድ ቤት ረዳት ሆኖ ነበር የጀመረው። የወደቁ ነጋዴዎችን መዝገብ እያገላበጠ ሙያውን ተማረ። በ1845 እ.ኤ.አ. የራሱን ቢሮ ከፈተ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግሬት ዌስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ገለልተኛ ኦዲተር አድርጎ ሾመው።

የኤዲንብራ ሂሳብ አዋቂዎች በ1854፣ የእንግሊዝና የዌልስ ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ1880 እ.ኤ.አ. ንጉሣዊ ቻርተር አገኙ። ልምምዱም የጽሑፍ ውል ሆነ። ወጣቱ በተለምዶ ለአምስት ዓመት ስሙ በውሉ ላይ ለሰፈረ አንድ ባለሙያ ይታሰራል፤ ባለሙያውም ሊያስተምረው ግዴታ ይገባል። የዚህ ሥርዓት ነውሩ በሩ ላይ ነበር። ቤተሰብ ለባለሙያው ጠቀም ያለ ገንዘብ ይከፍላል፣ ልጁም ብዙውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ይሠራል። የድሃ ልጅ አይገባም። ሴትም አትገባም። ሜሪ ሃሪስ ስሚዝ የራሷን የሂሳብ ቢሮ ከፍታ እየሠራች፣ አመልክታ ተከልክላ፣ የእንግሊዝ ማኅበር አባል የሆነችው በ1920 እ.ኤ.አ. ዕድሜዋ ከሰባ ካለፈ በኋላ ነው። ያም የሆነው ፓርላማው ከዓመት በፊት ሴቶችን ከሙያ ማገድን የሚከለክል ሕግ ስላወጣ ነው።

ወደ አገራችን ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ እንምጣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ሥርዓት ሥራ ጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ወጥቶ ያገለግላል፤ ያላገለገለ ዲግሪ አያገኝም። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፣ ሌሎቹም በመሥሪያ ቤቶች ተመደቡ። አበል ነበራቸው። ቅሬታም ነበር፤ ግዴታ ሆኖ ቅሬታ የማያስነሳ ነገር የለም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። አርባና ሃምሳ ተማሪ ፊት ጠመኔ ይዞ የቆመን ወጣት ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋ ማስቀመጥ አይቻልም። ሥራው እውነተኛ ነው፤ ቢቀር ክፍሉ ባዶ ይሆናል። እነዚያ ወጣቶች ያገራቸውን ገጠር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኖሩበት ወረዳ አወቁት። «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የተሰማውም በዚያው በ1957 ዓ.ም. የካቲት ወር ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ነገሩ መልኩን ለወጠ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። አገልግሎት ዘመቻ ሆነ፤ የግለሰቡ ሙያም በመፈክሩ ተዋጠ። በዚያው ዓመት ባንኮች፣ መድን ድርጅቶችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። የግል ኦዲት ቢሮ ገበያው ጠበበ፤ የመንግሥት ድርጅቶችን ሂሳብ የሚመረምር የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽንም ተቋቋመ። ጋሼ ሙያውን የተማሩት እዚያ ነው። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከአንድ ሰው ስም ነው፤ ቆጠራ ካስተማሯቸው አለቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ አልጠፋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 ስለ ሙያ ልምምድ ውል ይናገር ነበር፦ አሠሪው የተሟላና ሥርዓት ያለው ሥልጠና ሊሰጥ፣ ሠልጣኙ ትእዛዝ ሊፈጽም፣ ውሉም በጽሑፍ ሊሆን። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደግሞ ድርጅቶቻችን በዓለም አቀፍ ደረጃ ሂሳባቸውን እንዲያቀርቡ መንገዱን ከፈተ። ደረጃው ከፍ ብሏል። ደረጃውን የሚሸከሙት ልጆች የሚሠለጥኑበት ሁለት ወር ግን ብዙ ቦታ በአንድ የትብብር ደብዳቤና በአንድ ማኅተም መካከል ያልቃል።

ቢሮዎቹ የሚሉት አለ፤ መስማትም ተገቢ ነው። ሁለት ወር አጭር ነው፣ የደንበኛ ሂሳብ ምስጢር ነው፣ በሥራ ወቅት ማንም ለማስተማር ጊዜ የለውም። እውነት ነው። ግን ጋሼ እኔን ለማስተማር የወሰደባቸው ግማሽ ቀን ነው። ምስጢርም አላባከኑም።

ነገሩ የተማሪ ቅሬታ ብቻ አይደለም። ባንክ ብድር የሚሰጠው፣ ባለአክሲዮን ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ኦዲተር የፈረመበትን ወረቀት አምኖ ነው። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ልጅ የመጀመሪያ ትምህርቱ «ያላየኸውን ሞልተህ አምጣ፣ ማኅተም እናደርግልሃለን» ከሆነ፣ ነገ መጋዘን ገብቶ ቁጥሩን ከጠባቂው አፍ ቢጽፍ በምን እንፈርድበታለን?

የሚገርመው መፍትሔው ሙያው ውስጥ አለ። እያንዳንዱ የኦዲት የሥራ ወረቀት ሁለት ስም ይፈልጋል፦ ያዘጋጀውና የመረመረው። የተማሪው ቅጽም እንዲሁ ይሁን። በየሳምንቱ የሠራው ይጻፍ፣ ያሠለጠነው ሰው በስሙ ይፈርም። ዩኒቨርሲቲዎች የሠልጣኙን ነጥብ ሲቀበሉ የአሠልጣኙን ስም ይጠይቁ፤ ስልክ ደውለውም ያረጋግጡ። ቢሮዎችም ቢያንስ የምሳና የትራንስፖርት ይቻሉ፤ አለበለዚያ የእንግሊዞቹን በር መልሰን ዘጋን ማለት ነው፤ ዘመድ ያለውና ኪራይ የሚችል ብቻ ይገባል።

የኔ ቅጽ ዛሬም ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ይኖራል፤ 95 ከመቶ፣ ማኅተም ያለበት። የማን ተማሪ ነህ ብትሉኝ ግን የጋሼ ነኝ። የግማሽ ቀን ተማሪያቸው።

እናንተስ የማን ናችሁ?