በውጭ ዜጋ ታካሚዎች ላይ የሚታይ የነርሶች ፍረጃ

በውጭ ዜጋ ታካሚ ላይ የሚታይ ፍረጃ ሲባል ነርሶች ሕመሙን አጥርተው ሳይሰሙ ከአገሩ፣ ከቋንቋው ወይም ከመልኩ ተነሥተው የሚይዙት ድምዳሜ ማለት ነው። በስድብ ወይም በእምቢታ የሚገለጠው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በዘገየ ማስታገሻና ባጠረ ማብራሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ግምገማ ከመረመራቸው 42 ጥናቶች በ35ቱ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ሳይታወቅ ለሚሠራ አድልዎ ማስረጃ አግኝቷል፤ መጠኑም ከሌላው ሕዝብ የተለየ አልነበረም። ነጭ ጋዋን መልበስ ሰውን ካደገበት አመለካከት አያላቅቅም ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የባዕድና የሆስፒታል ግንኙነት አዲስ አይደለም፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪክ የሚመዘዘው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ቁስለኞችን ሊያክም አዲስ አበባ ከገባው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ነው፤ ያኔ ባዕዱ አካሚው ነበር። ዛሬ ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚወርደው ታካሚ ኤርትራዊ፣ የመናዊ ወይም ሱዳናዊ ስደተኛ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ይደግፈዋል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ በቋንቋ ማዳላትንም ይከለክላል፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ይሰጠዋል። የአገሪቱ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሠራር ግን አስታማሚን ታሳቢ ያደረገ ነው። ካርድ የሚያወጣለት፣ መድኃኒት ከውጭ የሚገዛለት፣ ነርስ የሚጠራለት ዘመድ የሌለው ሰው ዝም ሲል ደህና ነው ይባላል፤ ሲጮህ አስቸጋሪ ይባላል።

«ችግሩ የሥራ ጫና ነው እንጂ ጥላቻ አይደለም» የሚሉ አሉ። በአንድ ተረኛ ላይ ብዙ አልጋ ሲደራረብ ለአገሬውም ጊዜ እንደማይተርፍ እውነት ነው። ይሁንና ጫና የሚያሳጥረው ጊዜን ነው፤ ጊዜው ሲያጥር ማን ይዘለል የሚለውን የሚመልሰው አስቀድሞ የተያዘው ግምት ነው። «ፈረንጅ እንዲያውም ቅድሚያ ያገኛል» የሚለው መከራከሪያም ፍረጃ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ተራው በሕመሙ ክብደት ሳይሆን በመልክ ተሰጥቷልና። ቋንቋ የሚችል መንገደኛ ጠርቶ ማስተርጎምም አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በአስተርጓሚ በተካሄዱ 13 የሕፃናት ሕክምና ጉብኝቶች 396 የትርጉም ስህተቶች ቆጥሯል፤ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉት ስህተቶች ድርሻም ባልሠለጠኑት አስተርጓሚዎች ዘንድ ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ ነርሶችን ስለ ርኅራኄ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ የሠለጠነ አስተርጓሚ መቅጠርና አስታማሚ ለሌለው ታካሚ ተጠሪ ሠራተኛ መመደብ የሆስፒታሉ ግዴታ ሊሆን ይገባል።