ሐሰበ፣ ገብረ፣ ፈጠረ

አስማት በግዕዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፤ «ስሞች» ማለት ነው እንጂ ሌላ ምስጢር አልነበረውም። ምስጢሩ ኋላ የመጣ ነው። ደብተራው በባለቤቱ ቁመት ልክ በተቆረጠ ብራና ላይ የአምላክን ኅቡእ ስሞች ይደረድራል፤ ደዌ የሚያርቁት፣ አጋንንት የሚያስሩት እነዚያ ስሞች ናቸውና። ዘመን ሲገፋ ቃሉ ከዝርዝሩ ወደ ኃይሉ ተሻገረ። ዛሬ «አስማት» ስንል ስሞች ትዝ አይሉንም። (ደብተራ ራሱ ከግሪክኛው «ዲፍቴራ»፣ ከቆዳ፣ የመጣ ነው ይባላል፤ ተማሪ የሚይዘው ደብተርም በዐረብኛ በኩል ዞሮ የገባ የዚያው ቆዳ ዘር ነው።)

ይህን የቃል ጉዞ ያወቀ ሰው አርተር ሲ. ክላርክ በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ዘጠኙ ቢሊዮን የአምላክ ስሞች» በሌላ ዓይን ያነበዋል። የቲቤት መነኮሳት ለሦስት መቶ ዓመታት የአምላክን ስሞች ሲዘረዝሩ ኖረዋል፤ ፊደሉን የፈለሰፉት ራሳቸው ናቸው፣ የትኛውም ስም ከዘጠኝ ሆሄ አይበልጥም። በእጅ 15,000 ዓመት የሚፈጀውን ሥራ በ100 ቀን የሚጨርስ ኮምፒውተር ይከራያሉ። ዝርዝሩ ሲሞላ ዓለም የተፈጠረችበት ዓላማ ይፈጸማል ብለው ያምናሉ። ኮምፒውተሩን የሚያሠሩት ሁለት መሐንዲሶች ግን አያምኑም፤ ሥራው በሚያልቅበት ሌሊት ከተራራው ሲወርዱ የከዋክብትን መጥፋት በዓይናቸው ያያሉ። የመነኮሳቱ ሥራ በሁለቱም ፍቺው አስማት ነው፤ ስሞችም ነው፣ ኃይልም ነው።

የመሣሪያው ስም ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። ኮምፒውተር የላቲኑ «ኮምፑታሬ» ልጅ ነው። «ፑታሬ» መጀመሪያ መግረዝና ማጥራት ነበር፤ ቀጥሎ መቁጠር፣ ቀጥሎም ማሰብ ሆነ። ፈረንሳይኛ ከአንዱ «ኮምፑታሬ» ሁለት ግሶች አወጣ፦ በጽሕፈት የተለያዩ፣ በድምፅ አንድ የሆኑ፣ አንዱ «ቆጠረ»፣ ሌላው «ተረከ»። አጭር ትረካ የሚባልበት «ኮንት» ከሁለተኛው ወጣ። እንግዲህ ኮምፒውተርና አጭር ልብ ወለድ በላቲን በኩል ዘመዳሞች ናቸው።

የመካከለኛው ዘመን የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን «ኮምፑቱስ» ትል የነበረው ደግሞ የፋሲካን ቀን የማስላት ጥበብን ነው። የእኛው ባሕረ ሐሳብ! በኮምፒውተር ዘመድ ቃል የተጠራው ይህ ሥራ የካህናት ሥራ ነበር፤ መነኮሳት ኮምፒውተር ሲከራዩ ቃሉን ወደ አባት ቤቱ መመለሳቸው ነው። ሐሰበ በግዕዝ ቆጠረም አሰበም ነው። አማርኛ ሁለቱን ለያይቶ ያዛቸው፤ ሐሳብን ለአእምሮ፣ ሒሳብን በዐረብኛው እየተደገፈ ለቁጥር። ዕብራይስጥ በዚሁ ሥር ላይ «ማ» ጨምሮ «ማሕሼቭ» አለ፤ ኮምፒውተር ማለቱ ነው። በእስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ማሕሼቩን በከፈተ ቁጥር የባሕረ ሐሳብን ሥር ይጠራል።

የባሕረ ሐሳብን ስሌት ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ለ2017 ዓ.ም. 5500 ይደመርና 7517 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 11 ነው። ወንበር በ11 ይባዛል፣ 121፤ በ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል። እሱ አበቅቴ ነው። የሚባዛው በ11 የሆነው የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ነው። አበቅቴም ግሪክኛ ነው፤ «ኤፓክታይ»፣ የተጨመሩ ቀኖች። እንዲህ ያለ ሥርዓት ዛሬ አልጎሪዝም ይባላል፤ ያም ስም የመጣው ከአንድ ሰው ስም ነው፣ ከአል ኸዋሪዝሚ።

ሮቦት የሚለው ቃል ደግሞ በ1920 እ.ኤ.አ. በቼኩ ካሬል ቻፔክ ተውኔት ተወለደ፤ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። «ሮቦታ» ገበሬው ለባለርስቱ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነበር። አማርኛ ለዚህ ቃል አይቸገርም፦ ገባር። ሥሩ ገብረ፣ «ሠራ፣ አደረገ» ነው፤ ተግባር ከእሱ፣ ግብርም ከእሱ፣ በሦስት ፍቺ፦ ሥራ፣ ቀረጥ፣ የንጉሥ ግብዣ። ገብር ደግሞ አገልጋይ ነውና ገብረ መድኅን፣ ገብረ ሚካኤል እንላለን። ባለርስቱ ፊት የቆመው ገባርና ታቦት ፊት የቆመው አማኝ ስማቸው አንድ ሥር ላይ ተገናኘ።

አይዛክ አሲሞቭ በ1941 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «አመክንዮ» የሠራው ይህንኑ ይመስለኛል። በጠፈር ጣቢያ ላይ ያለው ሮቦት ሰዎች ሠሩኝ ማለታቸውን አልቀበልም ይላል፤ በሎጂክ ተራምዶ የኃይል ማመንጫውን ጌታው ያደርጋል፣ ራሱንም ነቢዩ። ገባሩ ገብር ሆነ። በጣቢያው ላሉት መሐንዲሶች የሚያስደነግጠው ሃይማኖቱ ሥራውን አለማበላሸቱ ነው፤ የጣቢያውን የኃይል ጨረር ከሰዎቹ በተሻለ ያነጣጥራል። (ሃይማኖት ከአራማይክ የተዋስነው ነው፤ ሥሩ ግን የአመነና የአሜን ሥር ነው፣ መጽናት። ጣቢያው ላይ ጸንቶ የቆመው ሮቦቱ ነው።)

በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሲሞቭ «የመጨረሻው ጥያቄ» የሚጀምረው በ2061 ነው። ሁለት የሰከሩ ሠራተኞች ማልቲቫክ የተባለውን ኮምፒውተር የዓለማት ኃይል መሟጠጥ ይቀለበስ እንደሆነ ይጠይቁታል። በቂ መረጃ የለም ይላቸዋል። ዘመናት ያልፋሉ፤ የመሣሪያው ስም እየተለዋወጠ መጨረሻው ላይ ያለው «አክ» ብቻ ይቀራል፤ ቅጥያው የጥንታዊ እንግሊዝኛ ምኅጻር መሆኑን አንድ ገጸ ባሕርይ ለመርሳት ጥቂት ነው የቀረው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል፤ ደራሲው የቃልን እርጅና ከከዋክብት እርጅና ጋር አስኬደው። ሁሉም ከጠፋ በኋላ መሣሪያው መልሱን አግኝቶ የዘፍጥረትን የመጀመሪያ ትእዛዝ ይናገራል።

ዘፍጥረት፦ ዘ እና ፍጥረት። ፈጠረ በአማርኛ እንዴት ያለ ሰፊ ቤት ነው! ፈጣሪ አንድዬ ነው፤ የፈጠራ ባለቤትነት የመሐንዲሱ፣ የፈጠራ ድርሰት የደራሲው፣ የፈጠራ ወሬ ደግሞ የሐሰተኛው። ልብ ወለድም እዚሁ ሰፈር ነው፤ ልብ በጥንቱ አነጋገር የማሰቢያ ቦታ ነውና፣ «ልብ በል» ስንል ዛሬም እንደምናውቀው። በዐረብኛ የፈጠረ ሥር መሰንጠቅንም መፍጠርንም ይይዛል፤ ጾም የሚሰበርበት የኢድ አልፈጥር «ፈጥር» ከዚያ ነው። በዘፍጥረትም ከብርሃን ቀጥሎ የተነገረው ሥራ መለየት ነው፣ ብርሃንን ከጨለማ። ሳይንስን የወለደውን የላቲን «ስኪሬ»፣ ማወቅን፣ ሊቃውንት የሚያስጠጉት ከመቁረጥና ከመለየት ሥር ነው።